ፒኞን ጨምርበት!

በፍኖተ ሰላም መካኒክ ያልሆነ ወንድ ማግኘት ይከብዳል። አንድ ባጃጅ መንገድ ዳር ቆሞ ካንዴላው መፈታት ሲጀምር ከሚከበው ሰው ግማሹ ሐኪም፣ ግማሹ የሐኪሙ ተቆጣጣሪ ነው። ሊስትሮው «ካርቡራተሩን እየው» ይላል። ሎተሪ አዟሪው «ኧረ ኮይሉ ነው!» ብሎ ይከራከረዋል። ባለ ባጃጁ ሁለቱንም አዳምጦ ሦስተኛውን ያደርጋል። በዚህ ልማዳችን ቅሬታ የለኝም፤ ምክር እንዲህ በነፃ የሚታደልበት ከተማ ብዙ አይገኝም። ያ ሁሉ ባለሙያ ርዝመቷ አርባ ሳንቲ ሜትር በሆነች መኪና ላይ ሲዘምት ማየት ግን ሌላ ነገር ነው።

መኪናዋን ያመጣት አሜሪካ የሚኖረው ወንድሜ ነው። መንገዱ ክፍት፣ አገሩም ደኅና በነበረበት ጊዜ ለጥምቀት መጣና ለእህታችን ልጅ አበረከተለት። እኛ ዘንድ «ሪሞት መኪና» ሲባል የሚታወቀው በገበያ ቀን ሸራ ላይ ተዘርግቶ የሚሸጠው፣ ባትሪ ድንጋይ የሚጎርሰውና በበዓል ተገዝቶ በዓሉ ሳያልፍ የሚሞተው ነው። ይቺ የዚያ ዘር አይደለችም። የእውነተኛ መኪና አንድ አሥረኛ ተደርጋ የተሠራች፣ በባትሪ የምትሄድ፣ ሣርና አቧራ የማትፈራ፣ «በጊ» የሚሏት ዓይነት ናት። ገልብጠው ሲያዩዋት ዲፈረንሻል አላት፣ ኩሽኔታ አላት፣ ሾክ አብዞርበር ከነዘይቱ አላት፣ ሲበዛባት የሚንሸራተት ፍሪሲዮን ሳይቀር አላት። ሰፈሩን ጠራርጎ ያመጣው ይኸው ነው። አሻንጉሊት ብቻ ብትሆን ልጆች ይበቋት ነበር፤ ዲፈረንሻል እንዳላት ሲሰማ ግን አባወራዎቹም ጋቢያቸውን አጣፍተው መጡ።

ታሚያ የሚባለው የጃፓን ኩባንያ እንዲህ ያለችውን የአቧራ መኪና «ራፍ ራይደር» በሚል ስም ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። በዚያው ዘመን እኛም ጎጃም ውስጥ ሥራ አልፈታንም፤ የሽቦ መኪና እንነዳ ነበር። ጎማው ቆርኪ፣ መሪው ደረት የሚደርስ ሽቦ፣ ሞተሩ አፍ። ማርሽ ስንቀይር ድምፁን የምናወጣው እኛው ስለሆንን ካምቢዮ ተበላሽቶብን አያውቅም። ከእኛ ወዲህ የመጡት ልጆች ከተበላሸ ቴፕ ዲናሞ እየፈቱ መግጠም ጀመሩ። ዲናሞውን ከጎማው ጋር በቀጥታ ያያያዘ ልጅ መኪናው ጢዝ ትላለች እንጂ ንቅንቅ አትልም። ብልሁ ልጅ ከቀጭኗ የዲናሞ ጫፍ ወደ ትልቅ ክዳን ላስቲክ ይዘረጋል፤ ክዳኑ ቀስ ብሎ ይዞራል፣ መኪናዋም ትሄዳለች። ፍጥነት ሰጥቶ ጉልበት መግዛት ማለት ይኸው ነው፤ ቲቸር እስኪያስተምሩት ማን ይጠብቃል? ባትሪ ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ሙቀቱ ውስጡ ያለውን ኬሚካል ስለሚያነቃቃው ለአንድ ዙር ነፍስ ይዘራል።

ወደ በጊዋ ልመለስ። የእህቴ ልጅ ከመኪናዋ ጋር የመጣውን ወረቀት ዘርግቶ ሞተሩ «3300 ኬቪ» መሆኑን ጮክ ብሎ አነበበ። ሕዝቡ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ከመሀላቸው የኤሌክትሪክ ሥራ የሚያውቅ አንድ ጎረቤታችን «ከህዳሴ ግድብ የሚወጣው ትልቁ መስመር እንኳ 500 ኬቪ ነው! ልጁን አርቁት!» አለ። እውነቱን ነው፣ የግድቡ መስመር 500 ኪሎ ቮልት ነው። የበጊዋ ቁጥር ግን ከቮልት ብዛት ጋር አይገናኝም፤ ሞተሩ በእያንዳንዱ ቮልት በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚዞር ይናገራል። ባትሪዋ 7.4 ቮልት ናት። ሲባዛ፣ ሞተሩ ጭነት ሳይኖርበት በደቂቃ 24,420 ጊዜ ይሾራል ማለት ነው። ይህን ፍጥነት እንዳለ ለጎማ መስጠት የላስቲክ ብልሃት ያልገባውን ልጅ መሆን ነው። ስለዚህ ሞተሩ ጫፍ ላይ ያለው ፒኞን 23 ጥርስ፣ እሱ የሚነክሰው ትልቁ ማርሽ 78 ጥርስ ሆኖ ተሠርቷል። ካምቢዮው ውስጥ ደግሞ ሌላ 2.6 እጥፍ ቅነሳ አለ። ሁለቱ ቅነሳዎች ሲባዙ፣ ሞተሩ 8.8 ጊዜ ሲዞር ጎማው አንዴ ይዞራል። የጎማው ዙሪያ 26 ሳንቲ ሜትር ነውና በወረቀት ላይ በሰዓት 43 ኪሎ ሜትር ትሮጣለች።

8.8 የምትለዋን ቁጥር የልጅ ጨዋታ አታድርጓት። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሄዱ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ አዲስ አበባ በኤሌክትሪክ መኪና ተሞልታለች። ከእነዚህ አብዛኞቹ የሚቀያየር ማርሽ የላቸውም፤ ፋብሪካው አንዴ የቆረጠላቸውን ቅነሳ ይዘው ይኖራሉ። የኒሳን ሊፍ 8.2 ያህል ነው፤ የመጀመሪያዎቹ የቴስላ ሞዴል ኤስ መኪኖች 9.7 ያህል። የእህቴ ልጅ መኪና በሁለቱ መካከል ናት። ልዩነቱ የቴስላን ፒኞን የሚፈታ የባጃጅ ሹፌር አለመኖሩ ነው።

እኛ ሰፈር ግን አለ።

«43?» አለ ባለ ባጃጁ፣ የተሰደበ ያህል። «ይቺማ ባጃጄ ትበልጣታለች። ፒኞን ጨምርበት!» መኪናዋ የመጣችበት ሳጥን ውስጥ ሁለት መለዋወጫ ፒኞኖች ነበሩ፤ አንዱ ባለ 19 ጥርስ፣ አንዱ ባለ 28። ባለ 19ኙን ቀና ብሎ ያየው የለም። ባለ 28ቱን ግን እንደ ቁርባን ቀለበት እየተቀባበሉ ተመለከቱት። ልጁ አሰላ፤ በሰዓት ከ52 ኪሎ ሜትር በላይ ሆነ። ከዚያ በኋላ ክርክር አልተነሳም።

መግጠሙን በጋራዥ ሥራ ያረጁት ጋሼ ተረከቡት። መነጽራቸውን አደረጉና «ደብተር አምጣ» አሉ። ሒሳብ ሊጽፉ መስሎን ነበር። ከገጹ ቀጭን ወረቀት ቀደው በፒኞኑና በትልቁ ማርሽ መሀል አስነከሱት፤ ፒኞኑን እስከ ወረቀቱ ገፍተው ብሎኑን አጠበቁ፤ ከዚያ ማርሹን አዙረው ወረቀቱን አወጡት። የወረቀቷ ውፍረት ያህል ክፍተት ቀረ። ማርሽና ማርሽ ከተጣበቁ ይጮኻሉ፣ ኩሽኔታም ይበላሉ፤ ከተራራቁ ደግሞ ጥርስ ያረግፋሉ። በዓለም ላይ በእንዲህ ያለች መኪና የሚወዳደሩ ብዙ ሰዎች የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ ጋሼ ግን ከማንም አልሰሙትም። ከዚያ ሁሉ ባለሙያ መሀል ሥራ የሠሩት እሳቸው ብቻ እንደሆኑ ታሪክ ይመዝግብልኝ።

ለሙከራ ከከተማ ወጣ ብለን አባታችን ዘንድ ሄድን። ጥር ነውና ውቂያው አልቆ አውድማው ባዶውን ተኝቷል። በእበት ተለቅልቆ፣ በበሬ ኮቴ ተደልድሎ እንደ ሲሚንቶ ወለል የጠነከረ። ከዚህ የተሻለ የመወዳደሪያ ሜዳ አሜሪካም የለም። ችግሩ አባታችን አውድማ ላይ ጫማ ሲገባ አይወዱም። ልጁ «ጫማ አይደለም አባባ፣ ጎማ ነው» አላቸው። «ጎማስ የመኪና ጫማ አይደለም?» አሉና ጥቂት አስበው ፈቀዱ፤ የልጅ ልጅ ነዋ።

በጊዋ አውድማው ላይ ጉድ አሳየች። ወዲህ አለች፣ ወዲያ አለች፣ ገለባ በተነች። ዶሮዎቹ ጣሪያ ወጡ። ባለ ባጃጁ «አላልኳችሁም?» እያለ ሰው ሁሉ እጁን እንዲጨብጠው ዞረ። ቀጥሎ ወደ ግጦሹ ሜዳ ይዘናት ወረድን፤ ሣሩ ቁርጭምጭሚት ይደርሳል። ጥቂት እንደሄደች ድምፅዋ ወፈረ፣ ፍጥነቷ ወደቀ፣ ከዚያ ቀጥ አለች። እህቴ ጣቷን ሞተሩ ላይ አሳርፋ ወዲያው አነሳችና «ኧረ ነደደ! ውሃ ላርከፍክፍበት?» አለች። ልጁ የጮኸው ጩኸት እስከ ላህ ወንዝ ሳይሰማ አልቀረም።

የሆነው ይህ ነው። አውድማ ላይ ጎማው የሚታገለው ነገር የለም። ሣር ላይ ግን መኪናዋ ሁልጊዜ ዳገት እንደምትወጣ ናት። የፒኞኑ ጥርስ በበዛ ቁጥር ያንኑ ጎማ ለመግፋት ሞተሩ ብዙ ኤሌክትሪክ መሳብ አለበት፤ ሙቀቱ ደግሞ የሚያድገው በሚሳበው ልክ አይደለም፣ እጥፉ በራሱ ተባዝቶ ነው። ከ23 ወደ 28 ሲኬድ ለዚያው ሥራ የሚሳበው ኤሌክትሪክ በአምስት አንድ ያህል ይጨምራል፤ ሽቦው ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት ግን ወደ ግማሽ ያህል ይጨምራል። እንዲህ ባሉ ሞተሮች ውስጥ ያለው ማግኔት ከልክ በላይ ከጋለ መዳከም ይጀምራል፤ የተዳከመ ማግኔት በረዶ ቤት ቢያድርም ወደ ድሮው አይመለስም። በዚያ ላይ የምንኖረው ከባሕር ወለል 1,900 ሜትር ገደማ ከፍ ብለን ነው። አየሩ የሳሳ ስለሆነ የሞተሩ ማራገቢያ ባሕር ዳርቻ ላይ የሚያወጣውን ያህል ሙቀት እዚህ አያወጣም። አንድ የሚያጽናና ነገር አለ፦ የሳሳው አየር የባጃጁን ሞተር ጉልበት ይቀንሰዋል፣ የኤሌክትሪኩን ግን አይነካውም። ይህን ለባለ ባጃጁ ብነግረው አኮረፈኝ።

አባታችን ነገሩን ሁሉ ከዛፍ ሥር ተቀምጠው ሲከታተሉ ቆይተው «እስቲ አምጡት» አሉ። ሁለቱን ፒኞኖች በመዳፋቸው ይዘው አመዛዘኑ። «ይኼ ትልቁን ሲገጥሙለት ነው የቆመው?» አሉ። አዎ አልናቸው። «እርፉን ተጭነህ ማረሻውን ብታስጠልቅበት በሬው ይቆማል እንጂ አይፈጥንም። ትንሹን ስጡት!» አሉና ወደ ከብቶቻቸው ሄዱ። ነገሩ እዚያ ላይ ማለቅ ነበረበት። ነገር ግን ከገበሬ አፍ የወጣ የሜካኒክ ምክር በከተማ ሰው ዘንድ ቦታ የለውም።

ጉባኤው ማታ እንደገና ተሰየመና ጥፋቱ የማርሹ ሳይሆን «የሶፍትዌሩ» እንደሆነ ወሰነ። ስለዚህ ሞባይል ጠጋኙ ተጠራ። በባትሪውና በሞተሩ መሀል የፍጥነት መቆጣጠሪያ የሚሉት ትንሽ ሣጥን አለ፤ ስንት ጉልበት በአንድ ጊዜ እንደሚለቀቅ፣ ፍሬኑ ምን ያህል እንደሚይዝ፣ ባትሪው ስንት ቮልት ላይ ሲደርስ እንደሚቋረጥ የሚወስነው እሱ ነው። ስክሪን የለውም። የሚያወራው በጢጥታ ነው፦ አንድ ጢጥ አንደኛው ጉዳይ፣ ሁለት ጢጥ ሁለተኛው፣ ረዘም ያለ ጢጥ አምስት። ቁልፏን ተጭኖ እየቆጠሩ፣ የፈለጉት ላይ ሲደርስ መልቀቅ ነው። ጠጋኙ እጁን አንስቶ ቤቱን ጸጥ አሰኘ። ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ። ልክ በዚህ ጊዜ ከጉባኤተኞቹ የአንዱ ስልክ ጢጥ አለ፤ የካርድ መሙያ ማስታወቂያ ገብቶለት ነው። ቆጠራው ተበላሸ። እንደገና ተጀመረ፤ አሁን ደግሞ መብራት ሄደ፣ ቆጣሪው ሲመለስ ጢጥ አለ። በመጨረሻ የመነሻው ጉልበት ከዘጠኙ ደረጃ ስንተኛው ላይ እንደቆመ ማንም እርግጠኛ ሳይሆን «ተስተካክሏል» ተባለ። በማግስቱ ልጁ የሪሞቱን ቁልፍ ነካ ሲያደርግ መኪናዋ ባለችበት ተፈናጥራ የፊት እግሮቿን ሰማይ ላይ ሰቀለች። ቀጥሎ በቆሎ የሚፈለፈል የሚመስል ድምፅ ተሰማ። የትልቁ ማርሽ ጥርሶች ረግፈው ነበር፤ ፕላስቲክ ነዋ። ቆሞ የነበረ ጎማ ላይ ያን ሁሉ ጉልበት በአንድ ጊዜ ሲለቁበት የሚሸነፈው እሱ ነው።

ወንድሜ በዚያ ሰሞን ወደ አሜሪካ ተመልሶ ስለነበር ማርሽ ፍለጋ ወደ ቡሬ ሄድን፤ በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ጀግና በበዛብህ አገር በማንኩሳ አድርገን፣ ከጫኑ መኪኖች ኋላ እየተንፏቀቅን። ቡሬ አንዱ መንገድ ወደ እንጅባራና ባሕር ዳር፣ ሌላው ዓባይን ተሻግሮ ወደ ነቀምቴ የሚለይባት፣ የዘይት ፋብሪካና የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ያላት ከተማ ናት፤ ባለ 78 ጥርስ የፕላስቲክ ማርሽ ግን አልነበራትም። አንድ የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ ከሞተ ፕሪንተር ሆድ ውስጥ የሚመሳሰል ማርሽ አወጣልን። ዓይን አይለየውም። የእኛ ፒኞን ግን የተቆረጠው በኢንች ነው፣ ለአንድ ኢንች ዲያሜትር 48 ጥርስ፤ የፕሪንተሩ በሚሊ ሜትር። በአንድ ጥርስ ላይ ያለው ልዩነት የፀጉር ያህል ነው። ሲጋጠሙ መዞራቸው አይቀርም፣ ግን እየተኳረፉ ነው።

ከቡሬ ወጣ ብሎ ያሉ ዘመዶቻችን ደጅ ሞከርናት። አሁን በዚያ አገር ጥር ማለት ምን ማለት እንደሆነ አንባቢ ያስታውስ፦ በርበሬ ማለት ነው። ግቢው ሙሉ ቀይ ስጥ ነው። በጊዋ እየጮኸች ተነሳች፣ ዶሮ አባረረች፣ የእህቴ ልጅ ወደ ግራ ሲላት ወደ ቀኝ ሄዳ የበርበሬው ስጥ መሀል ገባች። ከዚያ ወዲያ የፕሪንተሩ ማርሽ ተበላ። ጎማው ቆመ፣ ሞተሩ ግን መዞሩን አላቆመም፤ ማራገቢያውም የደቀቀውን በርበሬ እየማገ በጎን ይተፋው ጀመር። ቤተሰቡ ሁሉ ማስነጠስ ያዘ። ልጁ ዓይኑን እያሸ ሪሞቱን ጣለው። አክስታችን በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው «ይኼን ጭራቅ ያመጣብን ማነው? ለወቀጣ ከሆነ እኮ ሙቀጫ አለን!» አሉ። ባለ ባጃጁ፣ አብሮን መጥቶ ነበርና፣ በእንባው መሀል «ፒኞኑ አንሶበት ነው» ሲል በጆሮዬ ሰማሁ።

በርበሬ ከኩሽኔታ አይወጣም፤ ይህን ለሚመለከተው ሁሉ አሳውቃለሁ። ጋሼ እያንዳንዷን ፈትተው በቤንዚን አጥበው፣ አድርቀው፣ ዘይት አጠጥተው ነው ያዳኗት።

ለፋሲካ ከአሜሪካ የመጣ ሰው እውነተኛውን ማርሽ ይዞልን መጣ። አሁን ጉባኤ አልተጠራም። ልጁና ጋሼ በር ዘግተው ባለ 19 ጥርሱን ፒኞን ገጠሙ፣ የወረቀቷን ክፍተት ለኩ፤ ስልክ ሁሉ ከቤት ወጣና ጢጡ በጸጥታ ተቆጠረ። የመነሻውን ጉልበት ዝቅተኛው ላይ አደረጉት። የባትሪውን መቋረጫ ለእያንዳንዱ ሴል 3.2 ቮልት ላይ አቆሙት፤ ሊቲየም ባትሪ ከዚያ ብዙ ዝቅ ካለ እንደ ባትሪ ድንጋይ ፀሐይ ላይ ቢያሰጡት አይነሳም፣ አብጦ እሳት ሊሆንም ይችላል። በወረቀት ላይ ፍጥነቷ ከ36 ኪሎ ሜትር በታች ወረደ። የሞተሩ ሙቀት ግን ፋብሪካው ከሰጣት 23 ጥርስ እንኳ በሲሶ ያህል ቀነሰ። ግጦሹን ከዳር እስከ ዳር ትሄደዋለች፣ ድንጋያማውን አቀበት ትወጣለች፣ እህቴም ጣቷን ሞተሩ ላይ አሳርፋ ወሬዋን ትቀጥላለች። አውድማ ላይ ባጃጅ አትቀድምም። አባታችን ዘንድ ባጃጅ አይገባም፤ ምን ቸገራት?

እንግዲህ ውጭ አገር ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ለልጆች እንዲህ ያለ መኪና ይዛችሁ ስትመጡ ትልቅ ባትሪና ትልቅ ፒኞን አትጨምሩበት። በዚያ ፈንታ ሁለት ሦስት ትልቁን ማርሽ፣ ባለ 17ና ባለ 19 ጥርስ ፒኞን፣ የሞተሩ ዘንግ 3.17 ሚሊ ሜትር፣ ጥርሱ 48 ፒች መሆኑን አይታችሁ በሻንጣችሁ ጣል አድርጉ። ሊቲየም ባትሪውን በእጅ ሻንጣ ያዙት፤ በጭነት ሻንጣ መለዋወጫ ባትሪ አይፈቀድም። ቦታ ከጠበበ ሽቶውና ሳሙናው ይቅር፤ ሳሙና ፍኖተ ሰላምም አለ።